ቫሊ ፎርጅ፦ ብርዱ ካለፈ በኋላ የሞቱት ወታደሮች
የአንድ የክረምት ጦር ሰፈር የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ስለ ቫሊ ፎርጅ፣ የአሜሪካ ጦር በነፃነት ጦርነቱ ጊዜ አንድ ክረምት ስላሳለፈበት ሰፈር፣ የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ አእምሮው ውስጥ ያለው አንድ ሥዕል ነው። በረዶ፣ ባዶ እግር፣ በበረዶው ላይ የደም ዱካ፣ ሁሉን ችሎ የቆመ ወታደር። ሥዕሉ ውሸት አይደለም። ጫማ ያልነበራቸው ወታደሮች በእርግጥ ብዙ ነበሩ። ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል።

በዚያ ሰፈር በስድስት ወር ውስጥ ከ1,700 እስከ 2,000 የሚገመት ሰው አልቋል። ሰፈሩ ላይ አንድም ውጊያ አልተካሄደም። ከሟቾቹም አብዛኞቹ የሞቱት በዲሴምበርና በጃንዋሪ ብርድ አይደለም። ፀሐይ ወጥታ፣ በረዶው ቀልጦ፣ ሰው «አሁንስ አለፈልን» በሚልበት በማርች፣ በኤፕሪልና በሜይ ነው።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው ተሰብስቦ በሚኖርበት ቦታ ሁሉ፣ ዓይን የሚስበው መከራና ሰው የሚገድለው መከራ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ተራ ወታደሮቹንና ማስታወሻ የተዉልንን ሰዎች በስም አልጠራም። በታሪክ የታወቁትን ጥቂት አዛዦች ብቻ እጠቅሳለሁ። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ጊዜው 1777 ነው። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በጆርጅ ዋሽንግተን የሚመራው የአሜሪካ ጦር በሴፕቴምበር ብራንዲዋይን ላይ ተሸነፈ። በዚያው ወር መጨረሻ እንግሊዞች ፊላደልፊያን ያዙ። በኦክቶበር ጀርመንታውን ላይ የተሞከረው መልሶ ማጥቃትም አልተሳካም። ብርዱ ሲመጣ ጦሩ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገው ነበር።

የተመረጠው ቫሊ ፎርጅ ነው። ከፊላደልፊያ በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ስኩልኪል ወንዝ ዳር ያለ ከፍ ያለ ቦታ ነው። እንግሊዞችን ለመከታተል ይቀርባል። በድንገት እንዳይጠቃም በቂ ርቀት አለው። በወታደር ዓይን ካየነው ጥሩ ምርጫ ነበር።

ለኑሮ ግን የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። ዲሴምበር 19 ቀን ከ11,000 እስከ 12,000 የሚሆን ጦር እዚያ ኮረብታ ላይ ደረሰ። ከጦሩ ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ይሰፋሉ፣ በሽተኛ ያስታምማሉ። ጥቁርና ነጭ ወታደሮችም ጎን ለጎን ተሰልፈው ነበር። በአንድ ቀን ትልቅ ከተማ የሚያህል ሕዝብ ሰፈረ ማለት ነው። የዚያ ሁሉ ሰው ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድ በደንብ ያሰበበት ሰው ግን አልነበረም።

ጎጆው

የመጀመሪያው ሥራ መጠለያ ነበር። ዋሽንግተን ልኩን በትእዛዝ አወጣ። እያንዳንዱ ጎጆ 4.9 ሜትር በ4.3 ሜትር ይሁን፣ የግድግዳው ከፍታ ደግሞ 2 ሜትር ገደማ። ግድግዳው ከግንድ ይሠራል፤ በግንዶቹ መሃል ያለው ክፍተት በጭቃ ይመረጋል። ምድጃው ከእንጨት ሆኖ፣ እንዳይቃጠል በውስጡ 45 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጭቃ ይለበጣል። በአንድ ጎጆ 12 ተራ ወታደር ያድራል።

ሒሳቡን ሥሩት። ለአንድ ሰው ሁለት ካሬ ሜትር እንኳ አይደርሰውም። እዚያችው ላይ ይተኛል፣ ይበላል፣ ጠመንጃውን ይወለውላል። ሲታመምም ከአሥራ አንድ ጓደኞቹ ጋር እዚያው ተጣብቆ ይከርማል።

ሽልማትም ተመድቦ ነበር። ከየሬጅመንቱ (በመቶዎች የሚቆጠር ወታደር ካለበት ከየጦር ክፍሉ) ጎጆውን ቀድሞና አሳምሮ ለጨረሰ ቡድን 12 ዶላር። ሳንቃን የሚተካ፣ ረከስ ያለና ቶሎ የሚሠራ የጣሪያ ክዳን ላመጣ ደግሞ 100 ዶላር። ሳንቃ አልነበረማ! ሚስማርም መጥረቢያም እጥረት ነበር። ሠሪዎቹ ደግሞ የራባቸውና የታረዙ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ብዙዎቹ ከልኩ ወጡ። በቦታው የተካሄዱ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮዎች ያሳዩት ጎጆዎቹ በስፋትም በምድጃ አቀማመጥም የተለያዩ እንደነበሩ ነው። አንዳንዶቹ ወለላቸውን ቆፍረው ወደ መሬት ዝቅ አድርገውታል። ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል። የተቆፈረ ጎጆ ነፋስ አያስገባም፤ የሚቆረጠውም ግንድ ያንሳል። ለበረደው ሰው የዛሬዋ ሌሊት ናት የምትታየው። ግን እንዲህ ያለ ወለል እርጥበት ይይዛል። በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። መስኮት ስለሌለ አየር አይንቀሳቀስም። እርጥብ እንጨት ሲነድ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል።

ጎጆዎቹ በአብዛኛው ያለቁት በጃንዋሪ አጋማሽ ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው በድንኳን ነበር።

የወታደሩ ውሎ

ውሎው በከበሮ ይጀምራል። ስም ይጠራል፣ ሥራ ይከፋፈላል። ግማሹ ዘብ ይወጣል። ሌላው እንጨት ይቆርጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ምሽግ ይቆፍራል። የጋሪ ፈረሶች እያለቁ ሲሄዱ ወታደሮች ራሳቸው ጋሪ ላይ ተጠምደው እንጨትና ስንቅ ጎትተዋል። ዘብ የሚወጣ ሰው ከጎጆ ጓደኞቹ ልብስ ይዋሳል፤ የአንዱን ኮት፣ የሌላውን ጫማ። ሲመለስ ለተረኛው ያወርሳል። በልብሱ ላይ ያለው ቅማልም አብሮ ይወረሳል።

ምግቡ በወረቀት ላይ ደህና ነበር። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ሥጋና የዚያኑ ያህል ዱቄት ወይም ዳቦ ይገባዋል። በተግባር ግን ብዙ ቀን የሚደርሰው ዱቄት ብቻ ነበር። ወታደሩ ዱቄቱን በውኃ ይለውሳል። ሊጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወይም ረመጥ ውስጥ ይጥለዋል። ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። አመድ ሳይቀር አብሮ ይበላል። ይህን ቂጣ በየቀኑ፣ ያለ ወጥ፣ አንዳንዴም ያለ ጨው ነው የሚበሉት። አንድ የሬጅመንት ሐኪም ጦሩ ሰፈሩ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት በጻፈው ማስታወሻ ምግቡን፣ ብርዱን፣ ድካሙንና የቆሸሸ ልብሱን ያማርራል። ግማሹን ጊዜ እንደሚያስመልሰው፣ ጭሱም አእምሮውን እንዳሳተው ይናገራል። ሐኪሙ እንዲህ ከሆነ ታካሚዎቹ ምን ይሁኑ!

ዲሴምበር 23 ዋሽንግተን ለኮንግረስ፣ ማለትም ለአሜሪካውያኑ የተወካዮች ጉባኤ፣ በጻፈው ደብዳቤ፣ በባዶ እግርና በእርዛት ምክንያት ብቻ ለግዳጅ ብቁ ያልሆኑትን ቆጥሮ 2,898 ብሏል። ጦሩ ገና አምስት ቀን አልሞላውም።

ችግሩ የት ላይ ነበር

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የዚያ ዓመት ክረምት በጣም ከባድ ከሚባሉት አለመሆኑ ነው። ይበርዳል፣ ይሞቃል፣ ደግሞ ይበርዳል። ለጦሩ ይህ ከደረቅ ብርድ የባሰ ነበር። መንገዱ በረዶ ሆኖ ቢጸና ጋሪ ያልፍበታል። እየቀለጠ ጭቃ ሲሆን ግን ጋሪው እስከ ወገቡ ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ አገሩ የረሃብ አገር አልነበረም። ፔንስልቬንያ እህልና ከብት የሚበዛባት ምድር ናት። ገበሬው ግን ጦሩ በሚከፍለው የወረቀት ገንዘብ እምነት አልነበረውም፤ ዋጋው በየጊዜው ይወርዳል። እንግሊዞች በብርና በወርቅ ይከፍላሉ። ልጆች ያሉት ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። በዚህ ላይ የጦሩ የስንቅና ትጥቅ ዋና ኃላፊ በኖቬምበር 1777 ሥራውን ለቅቋል። የተተካው በማርች 1778 ነው። በጦርነት መሃል፣ በክረምት፣ ለአራት ወር ያህል ጋሪና መንገድ ላይ የሚያዝ ሰው አልነበረም። ልብስ ተሰፍቶ፣ ሥጋ ጨው ገብቶ ሩቅ ቦታ ተቀምጦ እያለ ወታደሩ ይርበዋል፣ ይበርደዋል። የዚህ ጉዳይ ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል። ቅጠሉ ላይ ያለውን ሰው ለመውቀስ ቸኩለን ግንዱን እንዳናልፈው።

ሦስተኛው ችግር ያን ጊዜ ብዙም አላስጨነቀም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች በረሃብ ሞተው ሬሳቸው ሜዳ ላይ ቀረ። የታረደ ከብት ሆድ ዕቃ በየጎጆው ደጃፍ ይጣላል። የመጸዳጃ ጉድጓድ አለ ቢባልም ይርቃል፤ ሌሊት በብርድ እዚያ ድረስ የሚሄድ ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ በጃንዋሪ በረዶ ሆኖ ተቀመጠ። አይሸትም፣ ዝንብ አይወረውም። በማርች ግን ቀለጠ። ከኮረብታው እየወረደም ሰው ወደሚቀዳው ውኃ ገባ።

ከዚያ በሽታው መጣ። በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች። ብርዱና ረሃቡ ሰውነቱን አዳከሙት፤ የገደለው ግን መጨናነቁና ቆሻሻው ነው።

ምን ተደረገ

በፌብሯሪ ሥጋ ለቀናት ጠፋ። ጦሩ ሊበተን አፋፍ ላይ ደረሰ። ዋሽንግተን በጄኔራል ናታንየል ግሪን የሚመራ ጦር ወደ ገጠር አውጥቶ ከብት፣ እህል፣ መኖና ጋሪ አሰበሰበ። ሌሎች ቡድኖችም ወደ ኒው ጀርዚና ወደ ደላዌር ወጡ። ለገበሬው የተሰጠው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን ደረሰኝ ነበር። ጦሩን ከሞት አወጣው። ገበሬው ላይ የጣለውን ሸክም ግን መርሳት አይገባም፤ እሱም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው።

ኮንግረስ ከአባላቱ ኮሚቴ መርጦ ወደ ሰፈሩ ላከ። ኮሚቴው በዓይኑ አየ። በማርች ግሪን ራሱ የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ውጊያ ላይ መሆን የሚመርጥ ሰው ስለነበር ሹመቱን በደስታ አልተቀበለውም። ግን ሠራው። መንገድና ድልድይ አስጠገነ፣ ጋሪ አሰባሰበ፣ በጉዞ መስመሮች ላይ መጋዘን አዘጋጀ።

በጤናው በኩል ትልቁ ሥራ የፈንጣጣ ክትባት ነበር። የዚያን ጊዜው ክትባት እንደ ዛሬው አይደለም። ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል መግል ተወስዶ ጤነኛው ሰው ክንድ ላይ በተጫረ ቦታ ይደረጋል። ሰውየው ይታመማል፤ ግን በአብዛኛው ቀለል ባለ መልክ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ይድናል። አደጋው ሁለት ነው። የተከተበው ሌላውን ሊያስይዝ ስለሚችል መለየት አለበት። በሺዎች የሚቆጠር ጦር በተራ በተራ ለሳምንታት መተኛቱን ጠላት ከሰማ ደግሞ ሊያጠቃ ይችላል። በሚስጥር ተይዞ ተሠራ። ቀደም ሲል ፈንጣጣ ያልያዛቸው ሁሉ እንዲከተቡ ተደረገ።

ለእከክም መድኃኒት ታዘዘ፤ ድኝ በአሳማ ስብ ተለውሶ ገላ ላይ ይቀባል። እከኩ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ የሚያድር ሰው አይተኛም፣ የታከከው ቦታም ያመረቅዛል።

ፌብሯሪ 23 ቀን የፕሩሲያው (ጀርመናዊው) መኮንን ባሮን ፎን ሽቶይበን ደረሰ። እንግሊዝኛ አይችልም። ትእዛዙ በአስተርጓሚ ነው የሚተላለፈው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰልፍ ማስተማሩን ነው፤ መቶ ገደማ ሰው መርጦ ራሱ አሠለጠነ፣ እነሱ ሌሎቹን አሠለጠኑ። ለጉዳያችን የሚበልጠው ግን ሌላው ሥራው ነው። ሰፈር በመስመር እንዲሆን፣ ማብሰያና መጸዳጃ እንዲራራቁ፣ መኮንን የወታደሩን ጤናና ንጽሕና ራሱ እንዲከታተል አጥብቆ ይዞ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ልማድ ወታደሩን ለሳጅን ትቶ ዞር ማለት ነበር፤ የአሜሪካ መኮንኖችም ያንን ወርሰዋል። እሱ ፊት ለፊታቸው ጠመንጃ አንሥቶ ተራውን ወታደር ሲያስተምር አዩት።

በጸደይ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ወጣ። የፈረስ ሬሳ ይቀበር፣ መጸዳጃ በአፈር ይሸፈን፣ ከተመደበው ቦታ ውጪ የተጸዳዳ ይገረፍ። በሜይ መጨረሻ ደግሞ የጎጆዎቹ ጭቃ ተፍቆ አየር እንዲገባ ታዘዘ። አየሩን ለማጽዳት በሚልም በየጎጆው በየቀኑ የአንድ ጥይት ባሩድ ወይም ከተገኘ ጥቂት ቅጥራን እንዲነድ ተባለ።

የሠራውና ያልሠራው

ክትባቱ ሠርቷል። ይህ ጦር ቀደም ባሉት ዓመታት ፈንጣጣን ከጠላት እኩል ይፈራው ነበር። አሜሪካውያን ካናዳን ለመያዝ ያደረጉት ዘመቻ ሲከሽፍ ፈንጣጣ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ከዚህ ክረምት በኋላ ግን ፈንጣጣ ጦሩን የሚበትን ኃይል መሆኑ ቀረ።

የስንቅ ኃላፊ መሾሙም ሠርቷል። በግሪን ጊዜ ፔንስልቬንያ አዲስ እህል አላበቀለችም። የነበረው እህል መንገድ አገኘ እንጂ።

ያልሠራው ሆስፒታሉ ነው። በዙሪያው ባሉ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናትና ጎተራዎች ወደ ሆስፒታልነት ተቀየሩ። ቤተልሔም በምትባለው ከተማ የሞራቪያውያን (የአንድ ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ማኅበረሰብ) ሕንፃ ከልኩ በላይ ታጨቀ። በሽተኛው የሚተኛው በጭድ ላይ ነው፤ አንዱ ሲሞት ጭዱ ሳይቀየር ሌላው ይተኛበታል። እግሩ ቆስሎ የገባ ሰው ተስቦ ይዞት ይሞታል። አስታማሚዎቹም ሐኪሞቹም ተያዙ። ለማዳን ተብሎ የተከፈተው ቦታ ራሱ የበሽታው ማከፋፈያ ሆነ። ወታደሮቹ ይህን አውቀው መላክ ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸው ልክ ነበር።

ባሩድ ማጨሱ ምንም አልፈየደም። የዘመኑ ሰው በሽታ ከመጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ስለሚያምን የተደረገ ነው። የሚገርመው ግን በዚያው እምነት ጭቃው ተፍቆ ግድግዳው መከፈቱ ጠቃሚ ነበር። ችግሩ መዘግየቱ ነው። ትእዛዙ ሲወጣ ጦሩ ሰፈሩን ሊለቅ የቀረው ከአንድ ወር ያነሰ ነበር።

የጎጆው ልክም በትእዛዝና በሽልማት ብቻ አልተከበረም። ዞሮ የሚያይና የተበላሸውን የሚያስፈርስ አልነበረም። የንጽሕና ትእዛዞቹ ደጋግመው መውጣታቸውም ያው ነው የሚነግረን፤ የተፈጸመ ትእዛዝ በሳምንቱ እንደገና አይታዘዝም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ

ጦሩ ሰፈሩን የለቀቀው ጁን 19 ቀን 1778 ነው። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የትኛው እርምጃ ሕይወት እንዳዳነ መለየት ያስቸግር ነበር። ግን ማነጻጸሪያ አለን።

በ1779 መጨረሻ ይኸው ጦር ኒው ጀርዚ ውስጥ ሞሪስታውን ላይ ሰፈረ። የዚያ ዓመት ክረምት በዘመኑ ሰው ትውስታ ወደር ያልተገኘለት ነበር። የኒው ዮርክ ወደብ ሳይቀር በረዶ ሆነ። ረሃቡም ከቫሊ ፎርጅ አይተናነስም፤ ወታደር የዛፍ ልጣጭ አኝኳል፣ አሮጌ ጫማ ቀቅሎ በልቷል። የሞተው ሰው ቁጥር ግን መቶ ገደማ ነው።

ብርዱ በርትቷል፣ ረሃቡ እንዳለ ነው፣ ሞቱ ግን በእጅጉ ወርዷል። ምን ተለወጠ? ጎጆዎቹ ውኃ በማይቋጥር ተዳፋት ላይ በመስመር ተሠሩ። ከልኩ የወጣ ጎጆ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ ታዘዘ። ሽቶይበን ያዘጋጀው ደንብ በ1779 ታትሞ በመኮንኖች እጅ ገብቷል፤ የማብሰያና የመጸዳጃ ቦታ፣ የበሽተኛ ጉብኝት ሁሉ ተጽፎበታል። ወታደሩም አብዛኛው ተከትቧል። በእርግጥ እዚያ የደረሱት ከመጀመሪያው የተረፉ፣ የሰፈር ኑሮ የለመዱ ሰዎች ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ለንጽሕናው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም የልዩነቱ መጠን በጣም ትልቅ ነው።

ለሌላ ሰፈር የሚሆነው

ይህ ጉዳይ ለጦር ብቻ አይደለም። የተፈናቃይ መጠለያ፣ የግንባታ ሠራተኞች ካምፕ፣ የሥልጠና ጣቢያ ለሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ይሠራል።

የመጸዳጃ ጉድጓድና የቆሻሻ ቦታ ከመጠለያው ጋር እኩል፣ በመጀመሪያው ቀን ይታቀድ። «ሰው መጀመሪያ ይጠለል፣ ሌላው ይደርሳል» የሚለው ሐሳብ ከደግነት የመጣ ነው፣ አውቃለሁ። ቫሊ ፎርጅ ላይም እንዲሁ ነበር የታሰበው። በተለይ በብርድ ወይም በድርቅ ወቅት ቆሻሻ ስለማይሸት ሰው ይዘናጋል። የሚያስከፍለው ወቅቱ ሲለወጥ ነው። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ መከራው የቀለለ የሚመስልበት ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ከወዲሁ ታስቦ ሰውና መድኃኒት መያዝ አለበት።

መጸዳጃው ቅርብ ይሁን፣ ሌሊትም የሚደረስበት። በብርድ፣ በጨለማ፣ በባዶ እግር ሩቅ ሂድ የተባለ ሰው አይሄድም። እሱን መግረፍ ከጉድጓድ ቁፋሮው በላይ ያደክማል፣ ውጤትም የለውም።

የአቅርቦት ኃላፊነት ለአንድ ቀንም ባዶ አይደር። ሥራው ስም አያስጠራም፤ ግሪን እንኳ አልወደደውም። ግን የኃላፊው ወንበር ባዶ የሆነበትን ጊዜና ወታደሩ የተራበበትን ጊዜ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው አንድ ላይ ይገጥማሉ።

በሽተኛን አንድ ቦታ መሰብሰብ ሕክምና ነው ተብሎ አይታለፍ። ቦታ፣ ንጹሕ መኝታና የሚበቃ አስታማሚ ከሌለ፣ ቀላል ሕመም ያለበትን ሰው እዚያው ባለበት ለይቶ ማስታመም ይሻላል።

በመጨረሻ፣ በየጎጆው የሚገባ ሰው ይመደብ። ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የታመመውን ቁጥር የሚቀበል ማለቴ አይደለም። ጎንበስ ብሎ በሩን የሚያልፍ፣ ወለሉ መርጠቡን በእጁ ነክቶ የሚያይ፣ ማን እንዳልተነሣ የሚጠይቅ፣ የተበላሸውን በዚያው ቀን የማስጠገን ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ሞሪስታውን ላይ ደንቡ ይህን ሥራ የሰጠው ለራሳቸው ለመኮንኖቹ ነበር።